«ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ»

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን፣ መናኸሪያው አካባቢ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ተሰበረ። የሰበረው ቆሎ አዟሪ ነው። ዕድሜው ዘጠኝ ቢሆን ነው፤ ዐሥር ከሆነም ብርዱ አሳንሶታል። ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማዋን ከተጠጉት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው አሉ። በጠረጴዛዎቹ መሀል ሲሽሎከሎክ የሳህኑ ጠርዝ ብርጭቆውን ነካው። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳይቆጣ፣ የጀመረውን ወሬ እንኳ ሳያቋርጥ፣ በኩርኩም ቋ አደረገው። ቤቱ ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ፤ የሚያስከፋው ይኼኛው ነው።

ጥግ ላይ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንድ ጋሼ ነበሩ። አስተናጋጇ «ኧረ ልጅ ነው፣ ተው!» ስትል ቀበል አድርገው «ተይው ልጄ፣ እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» አሏት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ከጓዳ ትሪ ወደቀ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ብድግ አድርገው ጆሯቸውን ሸፈኑ፤ አንገታቸው ጋቢው ውስጥ ገባ። ስልሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። እጃቸውን ሲያወርዱ የታዘባቸው ሰው መኖሩን ለማየት ዙሪያውን ቃኙ። ከዚህ ገጽ ባለቤት በቀር ማንም አላያቸውም። (ማን እንደሆኑ ለመጠየቅ ኢንቦክስ የምትመጡ፣ አትድከሙ።)

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ የሚዞረውን ሁሉም አይቶታል። የሐበሻ እናት ነጠላ ጫማዋን አነጣጥራ ስትወረውር፣ ልጅ ሲሮጥ፣ ከሥሩ በሳቅ የሚያለቅስ ኢሞጂ ተደርድሮ። ነጠላ ጫማው እውነትም ያስቃል፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል የሚሉም አሉ። የቅጣቱ ዝርዝር ግን በነጠላ ጫማ አያበቃም። ልምጭ አለ፣ ቀበቶ አለ፣ የውስጥ ጭን ቁንጥጫ አለ፣ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ እጅ ወደ ላይ ማንሳት አለ። በርበሬም አለ፤ ፍም ላይ ተነስንሶ፣ የልጁ ራስ በጋቢ ተሸፍኖ። በርበሬ በታጠነ ልጅ ኮሜዲ የሠራ እስካሁን አልተገኘም።

ድሮ አባት ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይል ነበር። ቃሉ ቀልድም ውልም ነው። ጆሮው፣ ጣቱና ጀርባው ውሉ ውስጥ የሉበትም።

ጣት ሲነሣ የገጹ ባለቤት የ4ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ሳይጠሩ ወደ ትዝታው ገቡ። የትምህርት ቤቱ ስም ይቅር። ወሩ ኅዳር ነው፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎ የሚያድርበት። ያረፈደ ልጅ አምስት ጣቶቹን እንደ ጉርሻ ገጥሞ ወደ ላይ ያቀርባል፤ ማስመሪያው የሚያርፈው ጥፍሩ ጫፍ ላይ ነው። ቆላ ላይ እንዴት እንደሆነ አይታወቅም፤ በውርጭ ግን ሕመሙ እዚያው አይመጣም። ልጁ ቦታው ሄዶ ከተቀመጠ፣ ደብተሩን ከገለጠ በኋላ፣ ጣቱ መሞቅ ሲጀምር ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ደግሞ ማልቀስ «አሁን ምን ሆንክና ነው?» ያሰኛል። ያረፈደው የቦኖ ውሃ ወረፋ ይዞት እንጂ ተኝቶ አልነበረም፤ ያኔ የጠየቀው ስለሌለ አሁን ይመዝገብለት። የገጹ ባለቤት እስከ ዛሬ 7 ጊዜ 8 ሲባል ስልኩን ያወጣል። ሰው የመሆኑ ነገር በሒሳብ በኩል አልተሳካም።

በሌላ በኩልስ? «ሰው ሆነናል» የሚለውን ቁጭ ብሎ የለካ አለ። አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲ የውፍረት ክሊኒክ ያስኬድ ነበር። ክብደታቸው እየቀነሰ ሳለ ሕክምናውን ጥለው የሚጠፉ ሰዎች ግራ አጋቡት፤ ቀርቦ ሲጠይቃቸው ብዙዎቹ ልጅ ሳሉ የተደፈሩ ሆነው አገኛቸው። ከዚያ ከዶክተር ሮበርት አንዳ ጋር ሆኖ ከ17 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠየቀ፤ አብዛኞቹ የተማሩ፣ የጤና መድን ያላቸው ሰዎች ናቸው። ልጅ ሳሉ ተደብድበው፣ ተዋርደው፣ ተደፍረው፣ እናታቸው ስትመታ አይተው እንደሆነ ነው የጠየቃቸው። ውጤቱ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እንዲህ ካሉት ነገሮች አራትና ከዚያ በላይ የደረሰበት ሰው፣ ምንም ካልደረሰበት ይልቅ ለመጠጥ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለመግደል ሙከራ የመጋለጥ ዕድሉ ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የልብና የሳንባ ሕመምም አብሮ ይጨምራል።

የልጅነት ጉዳት ከሰው ጋር አብሮ እንደሚያረጅ ለመረዳት ሳንዲያጎ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ ይወሰዳል፤ የነገሥታቱ መቀመጫ፣ ገደሉ፣ ፎቶ። ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ ግን ፎቶ አትነሣም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በእሷና በአካባቢዋ ገበያ ከጨውና ከቡናው ጋር ሰው ይሸጥ ነበር፤ በዚህ ንግድ ወደ ባሕር ማዶ ከሚሸጡት አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ቅፍለቱ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ታጁራ ይወርዳል። ከእነዚያ ልጆች የአንዱ እንኳ ስም እዚህ አይነገርም።

ስሟ የተረፈልን ሌላ ልጅ ናት፤ ቢሾ ጃርሳ። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ከያዛቸው የባሪያ ጀልባዎች ውስጥ ከተገኙት የኦሮሞ ልጆች አንዷ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል ሚሲዮን ተወሰደች፤ ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች፣ ወለደች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በሮበን ደሴት ከማንዴላ ጋር 10 ዓመት የታሰረው ምሁር ነው። ቤተሰቡ የሚያስታውሳት ካረጀች በኋላ ብቻዋን ስታጉተመትም ነው። የልጅ ልጆቿ ምን እንደምትል ሲጠይቁ፣ እናታቸው ከእግዜር ጋር እያወራች ነው ትላቸው ነበር። የምታወራው በኦሮምኛ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሰው አልነበረም። እሷም እኮ «ሰው ሆናለች»፤ ያውም አስተማሪ።

ሕጉን ለሚጠይቅ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካል የሚጎዳ ቅጣትን ይከለክላል። ወደ ቤት ሲገባ ድምፁ ይቀንሳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን የሚያጎሳቁልና የሚደበድብ አሳዳጊ እስከ 3 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል ይላል። ሦስት ወር ማለት አንድ ክረምት ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ ለተገቢ አስተዳደግ ተብሎ የሚወሰድ፣ ሕግ የማይተላለፍ የእርምት ርምጃ በዚህ አያስጠይቅም ይላል። ልምጩም ቀበቶውም የሚገባው በዚህች በር ነው።

በነሐሴ 2016 የባሕር ዳሯ ሔቨን ጉዳይ አደባባይ ሲወጣ ፕሮፋይሉን ያልቀየረ ማን ነበር? የ7 ዓመት ልጅ ተደፍራ ተገድላ፣ ገዳይዋ ላይ የተፈረደው 25 ዓመት አንሷል ብሎ አገር ተነሣ። መነሣት ነበረበት። ግን ተደፍራ በሕይወት የተረፈች ልጅ ጉዳይ በሽማግሌ ተይዞ በካሣ ያለቀበትን መንደር የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ለዚያች ፕሮፋይል የሚቀይር የለም፤ ነገሩ «በዕርቅ አልቋል»።

አንዳንዱ ደግሞ በድግስ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች እኩሌታዎቹ 16.2 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ 23.9 ነው። ሕጉ 18 ይላል። ቲክቶክ ላይ ነጠላ ጫማ የምትወረውረዋ እናት ከእነዚህ አንዷ ብትሆንስ? የራሷ ልጅነት በድንኳንና በእልልታ ተዘግቶ፣ በ17 ዓመቷ ልጅ የታቀፈች ልጅ። እሷ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም፤ መሳቅም እንደዚያው።

ጋሼ ሲወጡ የሻያቸውን ሂሳብ ከፈሉ። የተሰበረውን ብርጭቆም ከፈሉ። ለማንም ምንም አላሉም።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ይጻፍ። ያኔ ስንት ዓመቱ እንደነበር ግን አብሮ ይጻፍ።