መርማሪው ብዕር ሲይዝ

ቅንድብ እኩላለሁ ብላ ዓይኗን ስላጠፋችው ሴት ያልሰማ የለም። እኛም ተረቱን ለሌላ ሰው ስንጠቅሰው ኖረን፣ በመጨረሻ ኩሉን ራሳችን ይዘን ተገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ነን፤ የምናጠናው ሥነ ጽሑፍ ነው። በጋራ የገዛናት አንዲት ያገለገለች ላፕቶፕ አለችን። ዊንዶውስም ሊኑክስም ተጭኖባታል። ፋይሎቻችንን የምናስቀምጠው ሁለቱም በሚያነቡት አንድ የዲስክ ክፍል ላይ ነው። ክፍሉ ግን የተደራጀው በዊንዶውሱ ደንብ፣ በኤን ቲ ኤፍ ኤስ ነው። ለሊኑክስ የሰው አገር ነው ማለት ይቻላል።

ለመመረቂያ ጽሑፋችን አንዲት አልቃሽ እናት ዘንድ ሄደን 14 ሙሾ በስልክ ቀዳን። ማታውኑ ወደ ላፕቶፗ ገለበጥንና፣ ስልኩ ሞልቶ ስለነበር ከስልኩ ላይ አጠፋነው። እዚህ ላይ ትስቁብን ይሆናል፤ ሳቁ።

ከዚያ በፊት አንድ «ብልህነት» ሠርተን ነበር። ሊኑክስ ሲነሣ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚያያይዝ የሚያነብበት ኤፍ ኤስ ታብ የሚሉት ዝርዝር አለው። በየመስመሩ መጨረሻ አንድ ቁጥር ይጻፋል። 1 ለሥርዓቱ ዋና ዲስክ ነው፣ በቅድሚያ ይመረመራል፤ 2 ከሆነ ቀጥሎ ይመረመራል፤ 0 ከሆነ አይነካም። እኛ በጋራው ክፍል መስመር ላይ 2 ጻፍን። መርማሪ እንዲሆንም ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ፊክስ የሚባለውን መሣሪያ አገናኘንለት። «በተነሣ ቁጥር ቢመረመር ምን ይጎዳል?» አልን።

ጎዳ። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ስምንተኛው እትም ወዲህ፣ ይህ ልማዱ ካልጠፋለት በቀር፣ «ዝጋ» ሲሉት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቶሎ ለመነሣት ሲል የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ያሸልባል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዊንዶውስን «ዘግተን» ማታ ሊኑክስን አስነሣን። ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ የሚለውጠውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። መርማሪው ይህን መዝገብ ሳይዘጋ አገኘው፤ የማን ነው ሳይል ባዶ አደረገና «ደህና ነው፣ ጻፉበት» አለን። ጻፍንበት። በነጋታው ዊንዶውስ ሲነቃ የሚያስታውሰው የትናንቱን ዲስክ ነው፤ ሙሾዎቹን አያውቃቸውም። ደርቦ ጻፈባቸው። ቆይቶም ሲነሣ እሱም በተራው «ዲስኩ መመርመር አለበት» ብሎ መረመረ። የተረፈን ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ የተለጠፈባቸው ቁርጥራጭ ፋይሎች ናቸው። ከ14ቱ 9 አዳንን፤ 5 ቀሩ።

አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ዘንድ ሄድን። «ጋሼ፣ እኛ እኮ መርምር እንጂ ንካ አላልነውም» አልናቸው።

«እናንተ ልጆች፣ ሲነሣ በራሱ የሚሠራ መርማሪ እርሳስ ሳይሆን ብዕር ይዞ ነው የሚገባው። ለመሆኑ መመሪያውን አንብባችኋል?»

አላነበብንም። መመሪያው ግን አልደበቀንም። መሣሪያው የዊንዶውሱ መርማሪ ምትክ አለመሆኑን፣ ጥቂት መሠረታዊ ስሕተቶችን ብቻ አስተካክሎና መዝገቡን ባዶ አድርጎ ዋናውን ምርመራ ዊንዶውስ ሲነሣ እንዲያደርገው እንደሚተውለት በግልጽ ይናገራል።

ኤን ቲ ኤፍ ኤስ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤን ቲ ጋር ሲወጣ ሙሉ ሰዋስዉ ለሕዝብ አልተሰጠም። የሊኑክስ ሰዎች የተማሩት የማይታወቅ ጽሕፈት እንደሚፈታ ሰው ምልክት በምልክት እየፈቱ ነው። ዛሬ ማንበቡንም መጻፉንም ደህና ይችሉበታል። ይሁን እንጂ ቋንቋ መናገር ሌላ፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፈውን ማረም ሌላ።

ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብን እኛ ነን። ብራና ማንበብ ስንጀምር የተነገረን ምን ነበር? ያየኸውን እንዳየኸው ቅዳ፤ ጥርጣሬህን ከኅዳጉ ጻፍ፤ ብራናውን አትፋቅ። ያልገባን ቃል ሁሉ ስሕተት አይደለም። ያልተዘጋ መዝገብም ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ባለቤቱ ተመልሶ ሊጨርሰው ትቶት ይሆናል።

አሁን በዚያ መስመር መጨረሻ 0 ጽፈናል። ሊኑክስ የራሱን ዲስክ ይመርምር፣ ደግ ነው፤ የሰውን ግን ለባለቤቱ ይተው። የዊንዶውስንም ማሸለብ አጥፍተናል። ዲስኩ ታመመ ሲባል መጀመሪያ ግልባጭ እናወጣለን። ከዚያ በራሱ ሥርዓት፣ ቁጭ ብለን እያየን፣ በቅድሚያ ምንም ሳይጽፍ እንዲመረምር እናዘዋለን። ጊዜ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ወደ እናታችን ተመልሰን የጠፉትን 5 ሙሾዎች እንዲደግሙልን ለመንናቸው።

«የዚያን ቀኑን ከየት አመጣዋለሁ ልጆቼ? የዛሬውን ልበላችሁ» አሉን።

አሉልን። ቀድተን በሦስት ቦታ አስቀመጥነው። ያማረ ነው፤ የጠፋው ግን አይደለም።