የአልጋና የታክሲ ሒሳብ

መንገድ ከመጀመሬ በፊት ወጪዬን በወረቀት ላይ ማስፈር የቆየ ልማዴ ነው። ኪሱ ያልደረጀ ሰው ትልቅ ከተማን የሚያያት በሁለት ዓምድ ነው፤ በአንደኛው አልጋ፣ በሁለተኛው ታክሲ። ምግቡ እንደ ነገሩ ይሆናል፤ ሽሮ የማይገኝበት የአዲስ አበባ ሰፈር የለም። አልጋና ታክሲ ግን የአንድ ሚዛን ሁለት ሳህኖች ናቸው። የረከሰው አልጋ ሩቅ ነው፤ ሩቅ ማለት ደግሞ ታክሲ ማለት ነው። ይህ ለከተማው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን በቅጡ የገባኝ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መጀመሪያ፣ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ፣ እናቴን ለዓይን ሕክምና ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ይዣት በሄድኩባቸው አራት ቀናት ነው።

የእናቴ ሁለቱም ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸው ነበር፤ ቀኙ ይብሳል። ቀጠሮው ምኒልክ ሆስፒታል ነው። እሑድ እንገባለን፤ ሰኞ ምርመራ፣ ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና፣ ረቡዕ ጠዋት ፋሻው ይፈታል። የሞራ ቀዶ ሕክምና አልጋ የሚያስይዝ ሕመም አይደለም፤ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ማደሪያው ይመለሳል፤ በማግሥቱም ዓይኑን ለማሳየት ይመጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ሦስት ሌሊት ማደሪያና ሆስፒታሉን ሦስት ጊዜ የሚያደርስና የሚመልስ ትራንስፖርት ነበር። ደብተሬን አውጥቼ ሦስት መስመር ጻፍኩ። አንደኛ፣ አክስቴ ቤት፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፦ ነጻ። ሁለተኛ፣ በተማሪነቴ የማውቀው የፒያሳ አልጋ ቤት፦ ርካሽ። ሦስተኛ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ፔንስዮን፦ ባለ ሁለት አልጋው ክፍል በሌሊት 800 ብር።

ሁለተኛውን መስመር ለመሰረዝ አንድ የስልክ ጥሪ በቃኝ። ያ አልጋ ቤት የነበረው በዶሮ ማነቂያ በኩል ነው። የደወልኩለት የትምህርት ቤት ወዳጄ ሳቅ ብሎ «አንተ የምትለው ሰፈር የለም እኮ» አለኝ። የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች የፈረሱት በዚያው ዓመት የካቲትና መጋቢት ላይ ነበር። ዜናውን ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን የእኔ አልጋ ቤት ከፈረሱት ውስጥ መሆኑ ለምን እንደሆነ እንጃ አልታሰበኝም ነበር። ሰው ከሩቅ ሆኖ ከተማ ሲያስብ፣ በልቡ የያዘው ካርታ ትቷት የሄደባት ዕለት የነበረው ነው። ከዚያች ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተጻፉ ጥቂት የወጣትነት ግጥሞች አሉኝ፤ እነሱም ከሰፈሩ ጋር ቢፈርሱ ቅር አይለኝም።

ቀሩኝ አንደኛውና ሦስተኛው። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላሁ። እናቴ ግን የፔንስዮኑን ነገር ሳነሳባት ጋቢዋን አስተካክላ ዝም አለች። ዝምታዋ ሲረዝም ዓይኗ ላይ ያለው ሞራ እንኳ የቁጣዋን አቅጣጫ ሊሰውርብኝ አልቻለም። በመጨረሻ «እህቴ ቤት እያላት አልጋ ቤት ባድር ምን ትለኛለች? ሰውስ ምን ይለኛል? ዘመድ የላትም አይደል የሚለው?» አለች። ለእሷ አልጋ በገንዘብ መከራየት መንገደኛ ነጋዴ የሚያደርገው ነገር ነው። በዚህ ብቻዋን አይደለችም። እቴጌ ጣይቱ በፒያሳ ሆቴላቸውን ባስከፈቱ ጊዜ፣ በሰው ቤት በልቶ ሒሳብ መክፈል ነውር የመሰለው መኳንንት ዝር አልል ቢላቸው፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው እንዳስለመዱት ይተረካል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ ስለ ምግቡ ተለማምደናል። ስለ አልጋው ግን፣ ቢያንስ በእናቴ በኩል፣ ገና ነን።

እናም በስምምነት አስታረቅነው፦ እሑድና ሰኞ ሌሊት አክስቴ ዘንድ፣ ቀዶ ሕክምናው የሚደረግበትን የማክሰኞ ሌሊት ፔንስዮን። እናቴ የሁለተኛውን ክፍል ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የፍጥነት መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሲያበቃ ወረድን። አክስቴ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀን ነበር። አራተኛ ፎቅ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤቷ ለቤተሰቧም አትበቃም፤ ግን ልጆቿን ሳሎን አስተኝታ አልጋዋን ለእናቴ ለቀቀች። ሁለቱ እህትማማቾች መብራት ከጠፋ በኋላም ሲያወጉ ይሰማኝ ነበር። «ነጻ» ብዬ የጻፍኩት ይህንን ነበር።

ሰኞ የነጻው አልጋ ዋጋ መቆጠር ጀመረ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣን። አራት ፎቅ ደረጃ በጨለማ፣ በግራ ክንዴ እናቴን፣ በቀኝ እጄ የስልኬን መብራት ይዤ ወረድን። ታክሲ መያዣው ስንደርስ ሰልፉ ጠመዝማዛ ሆኗል። ኮዬን ያላየ ሰው በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ሕዝብ ከየት እንደሚወጣ አይገባውም፤ ሁሉም መሀል ከተማ ይሠራል፣ ሁሉም ከከተማው ጠርዝ ያድራል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤት አግኝቶ መንገድ ላይ ኑሮውን ይጨርሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ጠዋት እኔም ከሰልፉ ውስጥ ሆኜ አየሁት።

የመጀመሪያው ሚኒባስ ሳሪስ ጣለን። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል ደግሞ አራተኛ። አንዱ ረዳት እናቴ ደረጃውን በእግሯ ስትዳስስ አይቶ «እማማ፣ ቀስ!» ብሎ ከጋቢና አንድ ጎረምሳ አስነሥቶ አስቀመጣት። የሚቀጥለው ሚኒባስ ላይ ደግሞ ግፊያው ግንባሯን ከበሩ ጋር አጋጫት። አላማረረችም። በየመገጣጠሚያው ግን «አሁን የት ደረስን?» ትለኛለች፤ እኔም ስም እጠራላታለሁ። ስታዲየም ስላት «ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነን በለኛ» አለችና ፊቷ በራ፤ እሷ የምታውቀው ባቡር የጅቡቲው ነው። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ከቤት ከወጣን ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖን ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስም ያው ነው፤ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ስለወደቅን እንዲያውም ባሰ።

ያን ማታ በደብተሬ ላይ የቀኑን ታክሲ ደመርኩ። ለሁለት ሰው ስምንት ጉዞ፣ በዚያም ላይ እናቴ ሲደክማት ለመጨረሻው ቁራጭ መንገድ የያዝነው ኮንትራት። ድምሩ የፔንስዮኑን ሌሊት ግማሽ አልፎታል። አምስቱ የመንገድ ሰዓታት ግን በየትኛውም ዓምድ አልገቡም። ለመንገደኛ አንድ ምክር ልስጥ ብባል፣ ማደሪያን በምሽቱ አትምረጥ እላለሁ፤ በጠዋቱ ምረጥ። ማታ ሁሉም አልጋ አልጋ ነው፤ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ከየት እንደምትነሣ ነው ቁም ነገሩ። ዝርዝር ብር መያዝንም አትርሳ፤ ጎሕ ሳይቀድ ሁለት መቶ ብር የሚዘረዝር ረዳት እስካሁን አልገጠመኝም።

በዚያች ሌሊት ነበር ለአክስቴ የነገርኳት። ነገ ማታ እንደማንመለስ፣ ዓይኗ ታሽጎ በአራት ታክሲ ማምጣትና ማለዳ መልሶ መውሰድ እንደማይሆንልኝ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል መያዜን። አክስቴ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች። «እሺ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ስንትና ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱንም የምናገርበት ዕድል አልሰጠችኝም። እናቴ ግድግዳውን ዞራ ተኝታለች፤ እንዳልተኛች ግን አውቃለሁ።

ማክሰኞ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። ከመጠበቂያው ወንበር ላይ ካሳለፍኩት ጊዜ ጋር ሲተያይ ሥራው ራሱ ቅጽበት ነው። እናቴን ቀኝ ዓይኗ ታሽጎ፣ ግራውም ብዙ የማያይ ሆኖ፣ ክንዷን ይዤ በእግራችን አሥር ደቂቃ ሄደን ፔንስዮኑ ገባን። ምድር ቤት ያለች ክፍል፤ ሁለት ጠባብ አልጋ፣ አንዲት አምፖል፣ የውኃ ጀሪካን፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚያወራ የሰው ቴሌቪዥን። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንሶላውን በጣቶቿ ዳሰሰችው። «ስንት ከፈልክ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ለዚህ?» አለች። ሌላ አላለችም፤ ከዚያ ትንሽ ቆይታ «እሷ ግን አልደወለችም» አለች።

አልደወለችም። እኔም ብደውል አላነሣችም። ምሽት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። የፔንስዮኑ ዘበኛ ነው፤ ከኋላው አክስቴ በአንድ እጇ ምሳ ዕቃ፣ በሌላው የተጠቀለለ ጋቢ ይዛ ቆማለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ላብ አጥምቋታል። ኮዬን ለቃ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሊሞላት ነው። ስልኳ መንገድ ላይ ባትሪ ጨርሶ ኖሯል። ሰፈሩን የደረሰችበት የሆስፒታሉን በር እየጠየቀች፣ ከዚያም የአካባቢውን አልጋ ቤቶች አንድ በአንድ እያንኳኳች «ዓይኗ የታሰረ ሴት አለች ወይ?» እያለች ነው። ሦስተኛው የኛ ሆነ።

«አልጋ ቤት ደግሞ ምን ይበላል?» አለችኝ፤ የተናገረችኝ ይህን ብቻ ነው። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ሽሮው ገና ሙቀት ነበረው። እናቴን በእጇ አጎረሰቻት፤ እኔንም አጎረሰችኝ። ዘበኛው ለሦስተኛ ሰው ጭማሪ እንዳለ ሊነግረን በር ላይ ጉሮሮውን ሲጠርግ ቆየ፤ ወደ ውስጥ አይቶ ተመለሰ። ጠዋት ግን ሒሳቡ ላይ 200 ብር ተጨምሮ አገኘሁት፤ ሥራው ነውና አልከራከርኩትም። እህትማማቾቹ በአንዱ ጠባብ አልጋ ላይ ተጣብቀው ተኙ። እኔ በኮዬው ጋቢ ተጠቅልዬ በሌላው ተኛሁ። በግድግዳው ወዲያ ያለው ቴሌቪዥን ዝም ካለ በኋላም ወሬያቸው አልቆመም። ስለ ፔንስዮኑ አንድም ቃል አልሰማሁም።

ረቡዕ ፋሻው ተፈታ። እናቴ መጀመሪያ ያየችው አክስቴን ነው፤ «ከስተሻል» አለቻት። አክስቴ ሥራ ቀርታ ስለነበር ከሆስፒታሉ በር ላይ ተሰናብታን ወደ ታክሲዋ ሮጠች። እኛ ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጥተን የቃሊቲውን ቀላል ባቡር ጠበቅን። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር የነበረውና ከተማውን ከሰሜን ደቡብ የሚሰነጥቀው ይህ መስመር፣ ባቡሮቹ ቁጥራቸው ስለቀነሰ ጥበቃው ረዥም፣ መጨናነቁም ከባድ ነው። ከመንገድ መዘጋጋት ግን ያድናል፤ ዋጋውም ከታክሲ ሲተያይ ዛሬም የድሃ ነው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ እናቴን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠቻት።

እናቴ ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በአዲሱ ዓይኗ፣ ፀሐይ መከላከያው መነጽር ሥር፣ የፌርማታዎቹን ትላልቅ ጽሑፎች ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብ ጀመር፦ «አብ-ነት። ዳር-ማር። ል-ደታ።» ሰው ዞር ብሎ ያያታል፤ ደንታ አልሰጣትም። ሜክሲኮን ስናልፍ ደብተሬን ጭኔ ላይ አይታ «ያ ሒሳብ ነው?» አለች። ነው አልኳት። «አንብብልኝ፤ ያንተ ጽሑፍ ገና አይታየኝም።»

አነበብኩላት። የሐዋሳ አውቶቡስ፣ የሰኞ ታክሲ፣ ኮንትራት፣ መድኃኒት፣ ፔንስዮን 800፣ ጭማሪ 200፣ ባቡር። የአክስቴ ቤት፦ ነጻ።

መነጽሯን አስተካክላ ጥቂት አሰበች።

«የእሷን ታክሲ የት ጻፍከው?»

አልጻፍኩትም ነበር።