ስለ አንዲት ቀጭን ቀለበት

ትልቁንና ጎልቶ የሚታየውን ነገር ማድነቅ የሰው ልማድ ነው። ድልድይ ሲሠራ ምሶሶውን፣ ቤት ሲታነጽ ጣራውን፣ መኪና ሲገዛ ሞተሩን እናደንቃለን። ነገር ግን ትልቁ ነገር ጸንቶ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በመካከል በገባች፣ ስም እንኳ ባልወጣላት ትንሽ ነገር መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት በከሚሴ ከተማ ያገለገለ የትልቅ ካሜራ ሌንስ መልሼ በገጣጠምሁበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለአንባቢ ማካፈል ይገባኛል ብዬ አሰብሁ።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የቦርከና ወንዝና ሰፊው የጨፋ መስክ የሚያዋስኗት፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። እዚያ በማስተምርበት ጊዜ አንድ የተከበሩ ሼህ ከአባታቸው የወረሱትን ፎቶግራፍ አሳዩኝ። በካርቶን ላይ በተለጠፈው ሥዕል ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። በግርጌውም ከዳር እስከ ዳር ስማቸው በዐረብ ፊደል በደቃቁ ተጽፏል። የሼሁ አባት ስም ያለው በስተግራ ጫፍ ነው። ሆኖም የመስኩ እርጥበት ካርቶኑን አሳብጦታል፤ ምስጥም ጠርዙን ጀምሮታል።

«ኢልማ ኮ፣» አሉኝ ሼሁ፣ «ሰዎቹ ሁሉ አልፈዋል። ስማቸው የቀረው በዚህች ዳር ላይ ብቻ ነው። ዳሯ ከጠፋች የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ማን ማን እንደ ሆነ አያውቁም። ለዐሥራ ሁለቱም ቤት አንዳንድ ቅጂ ይድረስልኝ።»

በስልክ አንሥተነው ነበር። ይሁን እንጂ ስልክ ይሰበራል፤ ይጠፋል። በሚገባ የታጠበ የጥቁርና ነጭ ፊልም ግን በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ከተቀመጠ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። አያቶቻችንን ያየናቸው በዚህ ዓይነት ትልቅ ካሜራ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። ከአጤ ምኒልክ ዘመን ጀምሮም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት አገልግለዋል። ስለዚህ እኔም 10 በ12 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ፊልም በሚጎርሰው የእንጨት ካሜራዬ ሥዕሉን ልገለብጥ ወሰንሁ።

ለካሜራው የሚሆን ሌንስ ከአዲስ አበባ ገዛሁ። ሌንሱ በጀርመን አገር የሽናይደር ፋብሪካ የሠራው፣ ሲማር የሚባለው ነው። የፊትና የኋላ የመስታወት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱም ከግራና ከቀኝ በጥርስ ተጠምዝዘው በመካከል ካለው መዝጊያ ላይ ይገጠማሉ። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ሌንሱ የ150 ሚሊሜትር ነው፤ የኋላው ብቻውን ሲቀር ደግሞ የ265 ሚሊሜትር ሌንስ ይሆናል። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ለማጽዳት ፈትቶት ኖሮ፣ ከሌንሱ ጋር በፖስታ ውስጥ ሁለት ስስ የነሐስ ቀለበቶች ተሰጡኝ። ሻጩ «እነዚህ ትርፍ ናቸው» አለኝ።

ፋብሪካ ግን ትርፍ ነገር በሌንስ ውስጥ አያስገባም። የሌንስ ሊቃውንት በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሊኖር የሚገባውን ርቀት በስሌት ይወስናሉ። መዝጊያዎቹ ግን በወፍራምነታቸው በጥቂቱ ይለያያሉና፣ ጉድለቱን ለመሙላት የምትበቃ ቀለበት በመካከል ትገባለች። እንግዲህ ቀለበቷ የዚያ የአንድ ሌንስና የዚያ የአንድ መዝጊያ ናት። ብትጎድል የሥዕሉ መካከል ጥሩ መስሎ ይታያል፤ ዳር ዳሩ ግን ይደበዝዛል። የብርሃኑ ቀዳዳ ሲጠብ ጉድለቱ በከፊል ስለሚሸፈን፣ ባለቤቱ ለብዙ ዓመታት ላያውቀው ይችላል።

ወፍጮ ቤት ቆሞ እህል ያስፈጨ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለቱ ድንጋዮች ምንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ካልተስተካከለ ማሽላው ወይ ተከክቶ ይወርዳል፤ ወይ ዱቄቱ ይቃጠላል።

ሥራውን የጀመርሁት በማየት ነው። በፊተኛው ክፍል መቀመጫ ላይ የቀለበት አሻራ ነበረ፤ በኋለኛው ላይ ግን አልነበረም። ሆኖም ግምት ማስረጃ አይሆንምና ቀለበቶቹን በአውራ ጎዳናው ዳር ወዳለ ጋራዥ ወሰድኋቸው። መካኒኩ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አቀናቸውና «መምህር፣ ይህን ትርፍ ነው ያለዎት ሰው ሞተር ገጥሞ አያውቅም» አለኝ። በማይክሮሜትር ሲለካቸው አንዱ የሚሊሜትር 5 መቶኛ፣ ሁለተኛው 10 መቶኛ ሆነ፤ ይኸውም የሰው ጠጉር ያህል ነው።

ከዚህ በኋላ አራት ዓይነት አገጣጠም ቀረበልኝ፤ ያለ ቀለበት፣ በቀጭኑ ብቻ፣ በወፍራሙ ብቻ፣ በሁለቱም። የጋዜጣ ገጾች በግድግዳ ላይ አስተካክዬ ለጠፍሁ፤ ካሜራውንም በገመድ ለክቼ ከግድግዳው ጋር ትይዩ አቆምሁት። ጉድለቱ እንዳይደበቅ ቀዳዳውን እስከ 5.6 ድረስ ከፈትሁ። ቀለበት በለወጥሁ ቁጥር በፍዙ መስታወት ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ፊደል በአጉሊ መነጽር እንደ ገና አጠራሁ፤ ለያንዳንዱም አንድ ፊልም አንሥቼ ቁጥር ጻፍሁበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በጥርሱ ላይ ጥድፊያ አያስፈልግም። ክፍሉን መጀመሪያ ወደ ኋላ ማዞር፣ ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ ከተሰማ በኋላ ወደ ፊት በጣት ብቻ ማጥበቅ ይገባል። ቀለበት ከተጨማደደ መስታወቱ ያዘነብላልና።

ፊልሞቹ ታጥበው ሲደርቁ በአራቱም መካከል ያለው ጽሑፍ ይነበብ ነበር። ልዩነቱ የታየው ከዳር ነው። ያለ ቀለበት የተነሣው በማዕዘኖቹ ላይ ፊደላቱ ጠርዛቸው ተበትኗል፤ አንድ አንድ ቀለበት ሲጨመር በመጠኑ ተሻለ። ሁለቱም ቀለበቶች በፊተኛው ክፍል ሥር በገቡ ጊዜ ግን አራቱም ማዕዘኖች እኩል ጠሩ።

የሼሁን ፎቶግራፍ ያነሣሁት በዚህ አገጣጠም ነው። ቅጂው በታተመ ዕለት የልጅ ልጃቸው አጉሊ መነጽር ይዛ ከቀኝ ጀምራ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው፤ እርሳቸውም የያንዳንዱን ዘር እየቈጠሩ ይመልሱ ነበር። በስተግራ ጫፍ ያለው ዐሥራ ሁለተኛው ስም ሲጠራ አንገታቸውን ደፍተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

በሌንሱ ሣጥን ውስጥ አሁን አንዲት ወረቀት አለች። «ቀለበቶቹ ሁለት ናቸው፤ ውፍረታቸው 5 እና 10 መቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱም ከፊተኛው ክፍል ሥር ይገባሉ» ትላለች። በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት አንዱ ሲለቅ ሌላው ይረከባል፤ በርክክቡ መዝገብ ላይ ግን የሚጻፈው ትልቁ ዕቃ ብቻ ነው። ትንሿ ነገር ለምን እዚያ እንደ ገባች የሚያውቀው ሰው ሳይጽፍላት ቢሄድ፣ ተከታዩ ትርፍ ናት ብሎ ቢጥላት አይፈረድበትም።