በጎ ፈቃድ፣ በጀትና ሰኔ 30

«በጎ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ገንዘብ ምን ያደርግላችኋል?»

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን ጠይቀውናል፤ ዘመዶቻችን ጠይቀውናል፤ እርስ በርሳችንም ተጠያይቀናል። እኛ ከፑኝዶና ከአካባቢዋ ወደ ማሠልጠኛው የመጣን ዘጠኝ ሠልጣኞች ነን። በክረምቱ ዕረፍት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የንባብ ትምህርት ለመስጠት አሰብንና የመንግሥት ድጎማ ለመጠየቅ ተነሣን። መጠየቁ ራሱ ብዙ ነገር አስተምሮናል። ነገ በየገጠሩ ተመድበው ይህንኑ ዓይነት ወረቀት መጻፋቸው ለማይቀር ጓደኞቻችን ይጠቅም ይሆናል ብለን በዚህች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አቅርበነዋል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋሃ ዞን፣ የጎግ ወረዳ ከተማ ናት። ከጋምቤላ ከተማ በአቦቦ በኩል ይደረስባታል። የጊሎ ወንዝ ጎረቤቷ ነው። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች፣ ከነሱም መካከል ያለ ወላጅ የተጓዙ እጅግ ብዙ ልጆች ያረፉባት ስለሆነች ስሟ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። እኛ የምናውቃት ግን በክረምቷ ነው። ዝናቡ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹ ወደ በቆሎው ማሳና ወደ ወንዙ ይበተናሉ። መስከረም ላይ ሲመለሱ በሰኔ ያነቡት የነበረው ቃል ከአእምሯቸው ጠፍቶ ይገኛል። 3ኛ ክፍል ደርሶ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ መጨረስ የሚያቅተው ልጅ በየቤታችን አለ። የሌላ ሰው ልጅ አይደለም እኮ፤ ታናሽ ወንድማችን ነው፤ የእኅታችን ልጅ ነው።

በአገራችን የተማረ ሰው ወደ ገጠር ወጥቶ እንዲያገለግል ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ዘምተዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ለማስተማር በቅቷል። አኝዋሃኛ ግን ከ15ቱ አንዱ አልነበረም። አያቶቻችን ፊደል ሊቆጥሩ የተቀመጡት በማይናገሩት ቋንቋ ነው። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገዱ የተከፈተው በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለትችት አይደለም። የእነዚያ ዘመቻዎች ዕቅድ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች የወረደ ነበር። ገንዘቡም፣ ሰዉም፣ ቋንቋውም የተወሰነው ከላይ ነው። የድጎማ ማመልከቻ ግን የሚጓዘው በተቃራኒው ነው፤ ከታች ይጻፋል፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ከታች ያለው ሰው ምን እንደሚፈልግና ምን እንዳለው ካላወቀ ከላይ የሚያውቅለት የለም። ማመልከቻ መጻፍ የጸሐፊ ሥራ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ታዲያ በየትኛው በር ይገባል? ጠይቀን የደረስንባቸው በሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የማኅበራት በር ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በጎ ፈቃደኝነትን ለማበረታታትና ለጉዳት የተጋለጡ ወገኖችን የሚረዱ ድርጅቶችን ለማትጋት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ የሚባል አቋቁሟል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን እኛ የተመዘገበ ድርጅት አይደለንም። ሥራቸው በአንድ ክልል ብቻ የተወሰነ ማኅበራትም የሚመዘገቡት በዚያው ክልል ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ በር ነው። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የትምህርት ጥራት ፕሮግራም ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ እየተሰላ ድጎማ ማግኘት ጀምረው ነበር። ገንዘቡ የሚወጣው በትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ መሠረት ወላጆችና መምህራን ያሉበት ኮሚቴ እያየው ነው። ሦስተኛው የወረዳው መደበኛ በጀት ነው። እኛ ማኅተም የለንም፤ ትምህርት ቤት ግን ማኅተም አለው። ስለዚህ ርእሰ መምህሩን ለምነን የክረምቱን ንባብ የትምህርት ቤቱ ሥራ አድርገን፣ በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ወደ ሚመለከተው ጽ/ቤት አቀረብን።

ቅጹ ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ በጉልበት፣ በዓይነት፣ በገንዘብ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሠንጠረዥ ከበላይ ለማስደሰት ብቻ በግምት ይሞላዋል ይባላል። እኛ ለመሙላት ፑኝዶ ሄደን ወላጆችን በማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰብን። ዕቅዱን በአኝዋሃኛ አነበብንላቸው፤ ከነዋጋው፣ ጠመኔው ስንት፣ ደብተሩ ስንት፣ የእኛ ምግብ ስንት እያልን። ሰዉ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ አንዲት እናት ተነሥተው፣

«ልጆቼ፣ ገንዘቡ ካልመጣስ? ያን ጊዜ ልጆቹን ምን ትሏቸዋላችሁ?» አሉ።

እንዴ! ቅጹ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ለገንዘቡ ሲባል ስለ ዓላማ፣ ስለ ግብ፣ ስለሚጠበቅ ውጤት፣ ስለ ተጠቃሚ ብዛት ይጠየቃል እንጂ «ባይሰጣችሁስ?» የሚል መስመር የለውም። የእትዬ ጥያቄ ስብሰባውን ገለበጠው። አንድ ሽማግሌ «በቆሎ ከየቤቱ ይወጣል» አሉ። ሌላው «ዳሱን እኛ እንሠራለን፤ እንጨትና ሣር አለ» አሉ። እናቶች ምግቡን በተራ ለማብሰል ተስማሙ። አንድ በአንድ ጻፍነው። በመጨረሻ ስናየው ከጠመኔ፣ ከደብተርና ከማንበቢያ መጻሕፍት በቀር የጎደለው ነገር ጥቂት ነው።

ድጎማ የሚለው ቃል ትርጉሙ የገባን ያን ቀን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የሚደጎም ነገር አስቀድሞ ያለ ነገር ነው፤ የሌለ ነገር አይደጎምም። ጎረቤታችን ኬንያ ከ1963 እ.ኤ.አ. ነፃነቷ በኋላ በሐራምቤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሠራችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሕዝቡ አዋጥቶ ሕንፃውን ይጀምራል፣ መንግሥትም መምህር በመላክ ያግዘዋል። እኛም ብንሆን ደቦና ወንፈልን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ እንምጣ፤ አበል። ከመካከላችን አንዱ ክረምቱን አርሶ እናቱን የሚረዳ ነው። ሌላዋ በዕረፍት ጊዜ በሻይ ቤት ሠርታ የዓመቱን የሳሙናና የደብተር ወጪዋን የምትሸፍን ናት። «በባዶ ሆድ በጎ ፈቃድ የለም፤ አበል እንጠይቅ» ያሉ ነበሩ። «አበል ከጠየቅን በጎ ፈቃደኛ መባላችን ይቅር» ያሉም ነበሩ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በጎ ፈቃድን ያለ አንዲት ሳንቲም ይሠራ ካልን፣ የሚያገለግለው ቤቱ የሞላለት ብቻ ይሆናል። የደሃ ልጅ ከማገልገል ክብር ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ፍትሕ አይደለም።

ነገሩን ያቃለሉልን አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። «ጋሼ፣ አበል እንዴት ይታሰባል?» ብንላቸው ሣቅ ብለው፣ «የውሎ አበል እኮ በደመወዝ ነው የሚታሰበው። እናንተ ደመወዝ የላችሁ! በየትኛው ደረጃ ላስባችሁ? ይልቅ የምትበሉትንና የምትሳፈሩበትን እንደ ወጪ ጻፉት፤ ወጪ ከሆነ ደረሰኝ አለው፣ ደረሰኝ ካለው አያሳፍርም» አሉን። እኛም የድካም ዋጋ ሳንጠይቅ፣ የምግብና የመጓጓዣ ወጪ ብለን ከነመጠኑ ጻፍነው። ይህንኑም በወላጆች ፊት አነበብነው። በወላጅ ፊት ጮክ ብሎ ሊነበብ የማይችል የወጪ መስመር በማመልከቻ ላይ መግባት የለበትም የሚል ደንብ ለራሳችን አወጣን።

«ተጠቃሚ» የሚለው መስመርም አነጋግሮናል። ዳሱ ሥር የሚሰበሰቡት የከተማው ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ከስደተኞች ጣቢያ የሚመጡም አሉ። «የስደተኛው ልጅ ሌላ በጀት አለው፤ አትቀላቅሉ» ያለን ሰው አልጠፋም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ግን የስደተኛ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ ልጅ እንዲስተናገድ ይደነግጋል። አዋጁ ባይኖርስ? ምንጣፍ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ከተቀመጡ ሁለት ልጆች አንዱን «አንተ በዚህ ጠመኔ አትማር» የሚል መምህር እዚህ ተቋም ውስጥ አልሠለጠነም። የአዋጁን ቁጥር ጠቅሰን ሁሉንም አንድ ላይ ቆጠርናቸው።

ከሁሉ የከበደው የጊዜው ጉዳይ ነው። እንደሚታወቀው የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሰኔ 30 ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። የአዲሱ ዓመት ገንዘብ ደግሞ ምክር ቤት አጽድቆት ወደየጽ/ቤቱ እስኪወርድ ሐምሌ ይገፋል። የክረምት ትምህርት የሚጀመረውስ መቼ ነው? ልክ በዚያው ሳምንት! አሮጌው ካዝና ተዘግቶ አዲሱ ሳይከፈት ማለት ነው። ለክረምት ሥራ ገንዘብ ሲጠብቅ መስከረም የጠባበት በጎ ፈቃደኛ ጥቂት አይመስለንም።

ለዚህም መፍትሔ አለው። ዕቃው በአሮጌው በጀት ከሰኔ 30 በፊት ይገዛል፤ በሞዴል 19 ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ገቢ ይሆናል፤ በሐምሌ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለሥራው ይሰጣል። ለዚህ ግን ፕሮፎርማው ሰኔ ሳያልቅ ተሰብስቦ ማለቅ አለበት። ሕጋዊ ደረሰኝ የሚቆርጡ ሦስት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆችን ፍለጋ እስከ ጋምቤላ ከተማ ወርደናል። ምግብና መጓጓዣ ግን ተገዝቶ መጋዘን የሚቀመጥ ነገር ስላልሆነ በአዲሱ በጀት ላይ ጥገኛ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? ጠመኔው፣ ደብተሩና መጻሕፍቱ በሰኔ መጨረሻ ተፈቅደው ተገዙ። የምግቡና የመጓጓዣው ጥያቄ «በአዲሱ በጀት ይታያል» ተባለ፤ ሳይታይ ክረምቱ አለፈ። የወላጆች በቆሎ ባይኖር ኖሮ ትምህርቱ በሁለተኛው ሳምንት ይቆም ነበር። ከዘጠኛችን ፑኝዶ የደረስነው ሰባታችን ነን። ያ አርሶ እናቱን የሚረዳው ወንድማችንና ያቺ በሻይ ቤት የምትሠራው እኅታችን አልመጡም። ከእኛ ይልቅ በደንብ የሚያስተምሩት እነሱ ነበሩ። ይህን ስንጽፍ አሁንም ያመናል። የድጎማው ወረቀት የተጻፈው ለጠመኔ ብቻ አልነበረም፤ እነሱም እንዲመጡ ነበር።

ሥራው እንዳለቀ የገባውንና የወጣውን ዕቃ በአንድ ገጽ ጽፈን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጠፍን፤ ላልተማሩት ወላጆችም በቃል ነገርናቸው። የተረፈውን ጠመኔ ቆጥረን መለስን። ይህ ማንም ያላዘዘን ሥራ ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሠልጣኝ መጥቶ «አዋጡ» ቢል ሰዉ የሚያስታውሰው ያንን ወረቀት ነው።

ስለዚህ በክረምት ወደየቀያቸው ለማገልገል ላሰቡ ጓደኞቻችንና ለሚመሯቸው መምህራን የምናሳስበው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ ዕቅዱ በጥር ይጀመር። የወረዳው በጀት ሲዘጋጅ ያልገባ ሐሳብ በሰኔ ቢለምን ሰሚ አያገኝም።

2ኛ/ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ወላጆች ይሰብሰቡ፤ በቋንቋቸውም ይነበብላቸው። «ገንዘቡ ካልመጣስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያልተገኘለት ዕቅድ ገና አልተጨረሰም።

3ኛ/ የሚገዛው ዕቃ ከሰኔ 30 በፊት፣ የማይገዛው በኅብረተሰቡ ተሳትፎ እንዲሸፈን ሆኖ ይታቀድ።

4ኛ/ የምግብና የመጓጓዣ ወጪን መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው። መምህራኖቻችንም በዚህ ጉዳይ ለሚመለከታቸው ክፍሎች ድምፃቸውን ቢያሰሙልን፣ የዘንድሮው ክረምት ሰባት ሳይሆን ዘጠኝ ሰው ይዞ ይሄዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ለመሄድ ያሰበ ካለ ስሙን እዚሁ ግድግዳ ላይ፣ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ በለጠፍነው ወረቀት ላይ ያስፍር። ፑኝዶ ለማይሄድም ቢሆን የሞላነውን ቅጽ ግልባጭ እናሳየዋለን።