ሕመማቸውን የደበቁን አባት

እኛ ሦስት አስተማሪዎች ነን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በክረምት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ጎልማሶችን ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ እናስተምር ነበር። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ስኳር በሽታ ነው። ይልቁንም የስኳር በሽታ ስላለበት ሰው ልብ ነው።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ አባት ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ይሆናል። ፊደሉን ቶሎ ያዙት። ጨዋታ አዋቂ ስለነበሩ ክፍሉን ያስቁት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ዝም አሉ። ቀጥሎም ከትምህርት ቀሩ።

ቤታቸው ሄድን። ጋቢ ተከናንበው ጥግ ተቀምጠዋል። «እንቅልፍ የለኝም። ሥራም አስጠላኝ» አሉን። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር። ነገሩን መደበቅ አላስቻላቸውም። «ጤና ጣቢያ ስኳር አለብዎት ብለዋቸዋል። ኪኒኑን ግን ከጎተራ ሥር ደብቀውታል» አሉን።

እኛም ቸኮልን። «አባባ፣ ስኳር ያበዙ ነበር እንዴ? ኪኒኑን ካልዋጡ እኮ እግርዎ ይቆረጣል!» አልናቸው። የረዳናቸው መስሎን ነበር።

አባባ ቀና ብለው አዩን። «ልጆቼ፣ እኔ ስኳር የምቀምሰው ሲገኝ ነው። ሰው የጥጋብ በሽታ ይለዋል። እኔ መቼ ጠግቤ አውቃለሁ? ደግሞስ ለማን ልንገር? የምድራት ልጅ አለችኝ። ቤታቸው በሽታ አለበት ይሉናል» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

አፍረን ወጣን። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደን ሲስተሯን ስለ በሽታው ጠየቅን። እንዲህ ብላ አስረዳችን።

የምንበላው እንጀራ፣ ቂጣና ድንች በሆዳችን ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳሩ ጉልበት እንዲሆነን ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። ኢንሱሊን የሚወጣው ከቆሽት ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የሚገኝ የሰውነት ክፍል ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሲይዘን ሰውነታችን በኢንሱሊኑ በደንብ አይጠቀምም። ስለዚህ ስኳሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ምንም ሳንቀምስ ተለክተን 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በድጋሚ ሲለካም እንዲሁ ከተገኘ፣ የስኳር በሽታ አለ ይባላል።

በሽታው በዘር፣ በዕድሜና በውፍረት ምክንያት ሊመጣ ይችላል። ቀጭን ገበሬንም ይይዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የጥጋብ በሽታም አይደለም።

ሲስተሯ ሌላም ነገር ነገረችን። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ድባቴ ማለት ቶሎ የማይለቅ የልብ ሐዘን ነው። እንቅልፍ ይነሳል፤ ሥራ ያስጠላል፤ ተስፋ ያስቆርጣል። ልቡ ያዘነ ሰው ኪኒኑን ይተዋል፤ ቀጠሮውንም ይረሳል። ጭንቀት ራሱ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። ስኳሩ ሲጨምር ደግሞ ሐዘኑ ይብሳል። «ስለዚህ መጀመሪያ አትቆጧቸው፤ ጠይቋቸውና ስሟቸው» አለችን።

ተመልሰን ሄድን። «አባባ፣ ከሁሉ የከበደዎት ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ከዚያ ዝም ብለን ጠበቅን። አባባ ብዙ ቆይተው ተናገሩ።

«ታላቅ ወንድሜ በዚሁ በሽታ እግሩን ተቆርጦ ነው የሞተው። ኪኒኑን ባየሁ ቁጥር እሱ ይታየኛል።»

ያን ጊዜ ያጠፋነው ጥፋት ገባን። እግርዎ ይቆረጣል ስንል የነካነው ይህንኑ ቁስል ነበር። «አባባ፣ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። እግርም እንደሚጠበቅ ነገርናቸው። እግር በየቀኑ ይታያል፤ ታጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ይደረቃል። በባዶ እግር አይኬድም። ትንሽ ቁስል ስትታይ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬዳል።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደግሞ ከአንዲት እናት ጋር አገናኘቻቸው። እኒህ እናት የስኳር በሽታ ከያዛቸው ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። «እኔም እንደ እርስዎ ደብቄ አልቅሻለሁ» አሏቸው። አባባ ይህን ሲሰሙ ከእኛ ምክር ሁሉ በላይ ተጽናኑ። አሁን ወደ ቀጠሮ የሚሄዱት አብረው ነው።

እማማም ለአባባ ለብቻቸው መሥራቱን ተዉት። ሁሉም ከአንድ መሶብ ጎመንና ሽሮውን አብዝተው፣ እንጀራውን ቀነስ አድርገው ይበላሉ። ሳህኑ የተለየበት ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ ይመስለዋል።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። የአባባ ስኳር አንዳንድ ጊዜ ከፍ ይላል። ለሚዛመዱት ሰዎችም እስካሁን አልነገሩም። ኪኒኑ ግን ከጎተራ ሥር ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ወደ ክፍልም ተመልሰዋል። አንድ ማታ የቀጠሮ ካርዳቸውን አውጥተው ቀኑን ጮክ ብለው አነበቡልን። እኛም አጨበጨብን።

እናንተስ? በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አለ? እንግዲያው እነዚህን አስታውሱ።

አትውቀሱት። ምን እንደከበደው ጠይቁና ስሙት።
ከተቻለ ወደ ቀጠሮ አብራችሁት ሂዱ።
ጠበል ቢጠጣም ኪኒኑን አያቋርጥ። ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።
ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ለድባቴም ሕክምና አለው።
«ብሞት ይሻለኛል» ካለ ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እውነት ነው። ሰው ግን የሚደብቀው ሲፈራ ነው። ስለዚህ እኛ የማንፈራ ሰዎች እንሁንለት። ይህን ያነበባችሁ ላላነበበው አንብቡለት።