የጾም ፒዛ በጅዳ፤ የአይብ ምትኮችና ጣዕማቸው

ጅዳ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ


በጅዳ ቤት ውስጥ ለሚጋገር የጾም ፒዛ በአይብ ፈንታ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች በቀላሉ ይገኛሉ፤ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ የተፈቀፈቀ የዕፅዋት አይብ፣ ቤት የሚፈጭ የካሹ ክሬም እና ጣሂና። አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ፒዛ ሲባል ብዙ ጊዜ አይብ የሌለበት የአትክልት ፒዛ ማለት ነው። ጅዳ ላይ ግን ምግቡ ከጓዳ ስለማይወጣ ሙከራው ይበዛል። በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ክርስቲያኑ ጾሙን የሚያሳልፈው በቤቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገብተዋል። እንዲህ ሲገጥም ቤት ለሚጋሩ ሙስሊምና ክርስቲያን መግሪብ ላይ አብሮ የሚቆረስ ነገር ይፈለጋል፤ ወተት የሌለበት ፒዛ ለሁለቱም ይሆናል።

ምትኮቹ ለምን እንደሚለያዩ ለመረዳት የወተቱን አይብ ማወቅ ይበጃል። ሞዛሬላ የሚለጠጠው ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን በካልሲየም ተያይዞ መረብ ስለሚሠራ ነው። ሲሞቅ መረቡ ይላላል፣ ስቡ ይቀልጣል፣ ቁራሹ ሲነሣ ክር ይስባል። ፊቱ ላይ የሚወጣው ቡናማ ነጠብጣብ ደግሞ ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲዋሐዱ የሚመጣ ነው።

የሱፐርማርኬቱ የዕፅዋት አይብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከኮኮናት ዘይትና ከስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እምብዛም ነው። ስለዚህ ይቀልጣል እንጂ ክር አይስብም፤ ቡናማም ለመሆን ይቸገራል። የኮኮናት ዘይት የሚቀልጠው 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑ በጅዳ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ከቆየ ወዲያው እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከፍሪጅ አውጥቶ በቀጥታ ሊጡ ላይ በስሱ መበተን ይሻላል። ሲወፍር ስታርቹ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ትኩሱን ሲበሉት ጣዕሙ ጨውና ስብ ነው፤ ሲበርድ እንደ ሰም ይደርቃል።

ሲገዙ መጠንቀቅ ያሻል። የአትክልት ዘይት አለበት የሚል ጽሑፍ ያለው አይብ ሁሉ የጾም አይደለም፤ በርካታው ርካሽ አይብ የወተት ስብ በዘንባባ ዘይት ተተክቶ፣ የወተቱ ፕሮቲን ግን እንዳለ የቀረበት ነው። ከጀርባው ባለው ዝርዝር ላይ ሐሊብ (ወተት) ወይም ካዚን (ኬዚን) የሚል ከተገኘ ለጾም አይሆንም።

የካሹ ክሬም ሥራ ሱፍ ለሚያዘጋጅ ቤት እንግዳ አይደለም። ካሹው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ከሎሚ፣ ከጨውና ከነጭ ሽንኩርት ጋር እስኪልም ይፈጫል። ሊጥ የማያነሣ፣ ለጣዕም ብቻ የሚጨመር የእርሾ ዱቄት ከገባበት ወደ አይብ ይበልጥ ይጠጋል። ምድጃ ውስጥ አይቀልጥም፤ በማንኪያ ጠብ ጠብ ተደርጎ ሲጋገር ግን ጫፉ ወርቃማ ይሆናል፣ መሐሉ እርጥብ ይቀራል። የሚጎድለው የመፍላት ጣዕም ነው። ያንን ጣዕም አገር ቤት ውስጥ ስልጆ ይዞታል፤ ከባቄላና ከሱፍ ተሠርቶ በሰናፍጭ ስለሚፈላ፣ ከክሬሙ ጋር ጥቂት ቢቀላቀል ጎምዛዛነቱን ይሞላል።

ጣሂና ከሦስቱ ርካሹ ሲሆን በየሱቁ ይገኛል። የተፈጨ ሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥ ደግሞ ከሑመራ በኩል ለውጭ ገበያ የሚወጣ የኢትዮጵያ ምርት ነው። ውኃና ሎሚ ሲገባበት መጀመሪያ ይጠጥራል፤ ማማሰሉ ሲቀጥል ነጣ ብሎ ይቀጥናል። ምድጃ ውስጥ ከገባ ዘይቱ ተለይቶ ይደርቃል፤ ስለዚህ ፒዛው ከወጣ በኋላ ይፈስበታል። ከተጠበሰ ደበርጃንና ከቲማቲም ጋር በጣም ይስማማል፤ ለብቻው ሲሆን ግን መጠነኛ ምሬት አለው።

ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው መካ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ስለማይገባባት የመንገድ ምልክቶቹ ቀድመው ወደ ሌላ መንገድ ያዞሩታል። እዚያ የሚኖሩትና ለዑምራ የሚመጡት ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ስለሆኑ ከጾም አንጻር ከአይብ የሚከለክላቸው ነገር የለም፤ ምትኩን የሚፈልጉት ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ናቸው። ከጥጃ ሆድ ከሚወጣው የአይብ ማርጊያ ራቅ ማለት ለሚሻም የዕፅዋቱ አይብ የሐላል ጥያቄውን ያስቀራል።

ለምርጫው፦ መቅለጡ ለሚፈለግበት ፒዛ የሱፐርማርኬቱ፣ ለጣዕም ካሹው፣ ለአትክልት ፒዛ ጣሂናው ይመረጣል። ሦስቱም ከሌሉ የናፖሊው ማሪናራ ከቲማቲም፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኦሬጋኖና ከዘይት ብቻ ስለሚሠራ በራሱ የጾም ነው፤ ምድጃው እስከ 250 ዲግሪ ከሞቀ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል።