«በሞቴ!» የማያስፈልገው ብርጭቆ

«አንድ ብቻ… በሞቴ!» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! በእኛ ቤት ግብዣ ላይ ባዶ እጅን መቀመጥ እንደ ኩርፊያ ነው የሚቆጠረው። አልጠጣም ያለ ወንድ «ምነው፣ መድኃኒት ጀመርክ እንዴ?» ይባላል። የጠጣች ሴት ደግሞ… እሷንማ ተዉት፣ ሳምንቱን ሙሉ ስሟ ሲነሳ ይከርማል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ ስላቀለለልኝ አንድ መጠጥ ነው። አዎ፣ ስለ መጠጥ! ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱኝ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናንተ ዘንድ ሐምሌ ዝናብና ጭቃ ሲሆን እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስም አይጠልቅም። ሰዉ ሁሉ በረንዳ ላይ ነው። ታዲያ በዚህ ወቅት ሴቱም ወንዱም «ሁጎ» ነው የሚያዘው። ሁጎ የሰው ስም ቢመስልም መጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰሜን ጣልያን ውስጥ፣ ጀርመንኛ በሚነገርበት በደቡብ ቲሮል፣ ናቱርንስ በምትባል ቦታ ሮላንድ ግሩበር የተባለ የመጠጥ ቀማሚ ፈጠረው። መጀመሪያ የሠራው ሎሚ ሎሚ ከሚሸት ሜሊሳ ከሚባል ቅጠል ሽሮፕ ነበር። በኋላ ግን ቦታውን የሆሉንደር አበባ ሽሮፕ ወሰደውና ጀርመንን አዳረሰ። ሆሉንደር በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነጭ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው፤ ሽሮፑ ማር ማር ይላል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ትልቅ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ ማለትም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ በለጥ ያለ፣ አድርጉ። አምስት ስድስት የናና ቅጠል መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና አንዴ አጨብጭቡበት። ሽታው ይወጣል። መውቀጥ ግን የለም፣ ይመራል! ከዚያ ብርጭቆውን በትላልቅ በረዶ ሙሉት፤ ትንንሹ ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ውሃ ውሃ ያደርገዋል። ቀጥሎ ፕሮሴኮ፣ 100 ሚሊ ሊትር። ፕሮሴኮ ጋዝ ያለው የጣልያን ነጭ ወይን ጠጅ ነው፣ እኛ አበሾች አረፋ ያለውን ሁሉ ሻምፓኝ ብንለውም። ጠርሙሱ በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን፤ የሞቀ ወይን ጋዙን ቶሎ ይለቃል። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ በቀስታ ቅዱት። በላዩ 60 ሚሊ ሊትር ሶዳ ጨምሩ። ሽሮፑ ከባድ ስለሆነ ታች ይቀራል፣ ስለዚህ በማንኪያ ከሥር አንዴ ብቻ ከፍ አድርጉት። አንድ ክብ ሎሚ ጣል! አለቀ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህ መጠጥ «ቀላል» የሚባለው ስለሚጣፍጥ አይደለም። ጣፋጭነቱማ ነው አደጋው! አበባ አበባ ስለሚሸት ሰው ሎሚናት የጠጣ ይመስለዋል። ሒሳቡን እንሥራ፦ ፕሮሴኮ ብዙውን ጊዜ 11 በመቶ አልኮል አለው። 150 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ፣ 5 በመቶ አልኮል ካለው አንድ 33 ሴንቲ ሊትር ቢራ ጋር እኩል ነው። እኔ የምቀዳው 100 ነው፤ የቢራውን ሁለት ሦስተኛ መሆኑ ነው። ቀላልነቱ ያለው መለኪያው ላይ ነው እንጂ ምላስ ላይ አይደለም። እህቶቼ፣ የራሳችሁን ብርጭቆ ራሳችሁ ስትለኩ ምን ያህል እንደጠጣችሁ ታውቃላችሁ። ሌላ ሰው ሲደጋግምላችሁ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው!

ባለፈው በጋ በረንዳዬ ላይ አሥር የምንሆን አበሾች ተሰበሰብን። ከመካከላችን ወንድሜ የምለው ልጅ አለ፣ መጠጥ ከተወ ስምንት ወሩ ነበር። ለምን እንደተወ ለእኔ ነግሮኛል፤ ለሌላው መንገር አለመንገር የሱ ፋንታ ነው። ችግሩ መጠጡን ሲተው ሰውም አብሮት መተው ጀምሮ ነበር። ክርስትና ቢጠራ አይመጣም፣ ልደት ቢጠራ አይመጣም። «ሄጄ ምን ልሁን? ሁሉም በሞቴ ይለኛል» ነው መልሱ። ቀድሜ ደወልኩለትና «ያለ ወይን እሠራልሃለሁ፣ ይመችሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና «እመጣለሁ» አለኝ።

መጣም። ለሱ 30 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ናና፣ በረዶ፣ የቀረውን ሶዳ። ብርጭቆው ከሌሎቹ አይለይም። መሸት ሲል ጋሼ የምንላቸው ሰው ጠርሙስ ይዘው ዞሩ። «አንተ ጎረምሳ፣ ጨመር ላድርግልህ፣ በሞቴ!» አሉት። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «ጋሼ፣ ይኸው ሞልቶልኛል» አላቸው። «በል ተጫወት!» ብለውት አለፉ። በቃ! ያን ሁሉ ወር ሲፈራው የከረመው ነገር በሁለት ቃል አለቀ። እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስቀን አመሸ። ሲወጣ አላመሰገነኝም። «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብቻ ነው ያለኝ።

«ታዲያ አዲስ አበባ ሆነን ሆሉንደሩን ከየት እናምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ምን አስጨነቃችሁ፣ ካርካዴም አበባ ነው! ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 30 ግራም የደረቀ ካርካዴ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፉ። አጥልላችሁ ግማሽ ኪሎ ስኳር አሟሙበትና አቀዝቅዙት። ከዚያ ሎሚ፣ ናና፣ በረዶና አምቦ ውሃ። ቀለሙ ቀይ ስለሚሆን ሁጎ አይባልም፣ ስሙን እናንተው አውጡለት። ወይን የሚፈልግ ወይኑን ይጨምር። ብቻ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ እንደሚከለክል አትርሱ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ያለ አልኮል ለሚጠጣ እንግዳ ብርጭቆውን በእጃችሁ አቀብሉት፣ ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ። «ትንሽ ምን ያደርገዋል» ብሎ ሳይነግሩት ወይን ጠብ ማድረግ ደግሞ ቀልድ ሳይሆን ነውር ነው።

እስቲ ለሚቀጥለው ግብዣ ከመቅዳታችሁ በፊት እንግዳችሁን ለብቻው ጠጋ ብላችሁ «ላንተ የቱን ላድርግልህ?» በሉት። ማን ያውቃል፣ ስንት ጊዜ ጠርታችሁት የቀረው ወዳጃችሁ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ይሆናል።